ውሻ ባዕድ ነገር የዋጠ እንደ ሆነ

ጾም በተፈታ ሰሞን ከሰው ይልቅ የሚታመመው ውሻ ነው ብል አንባቢ ይሥቅብኝ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። 55 ቀን ሙሉ የእንጀራ ፍርፋሪ ሲለቅም የከረመ ውሻ፥ በትንሣኤ ማግሥት የዶሮ አጥንት፥ የበግ ጅማት፥ ሥጋ የታሰረበት ሲባጎ፥ ቅባት የነካው ላስቲክ በአንድ ቀን ከፊቱ ይወድቅለታል። ውሻም እንደ ሰው አላምጦና አጣጥሞ የሚበላ ፍጥረት አይደለም። ጥርሱ ለመቦጨቅ፥ ጉሮሮው ለመዋጥ የተሠራ ነው፤ ምግቡንም አብልጦ የሚመረምረው በአፍንጫው ነውና ሥጋ ሥጋ የሚሸት ሁሉ ለእርሱ ሥጋ ነው። የጌታው ሽታ ያለበትንም ካልሲ ከሥጋው አሳንሶ አያየውም። እንግዲህ በዚህ ሳምንት ልጽፍ ያሰብሁት ውሻ ምግብ ያልሆነ ነገር ውጦ ሆዱ በታወከ ጊዜ የቤቱ ሰዎች ምን ማድረግ እንደሚገባቸው፥ ይልቁንም ምን ማድረግ እንደማይገባቸው ነው።

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ውሻ ሆድ ዕቃ መጻፍ ለክቡራን አንባብያን አይመጥንም የሚለኝ ቢኖር፥ መጽሐፈ ጦቢትን ገልጦ እንዲመለከት እለምነዋለሁ። ጦብያ ከመልአኩ ጋራ ሩቅ መንገድ በወጣ ጊዜ ውሻው አብሮ መሄዱን ጸሐፊው ሳይንቅ መዝግቦታል። መልአክ ያልተጸየፈውን መንገደኛ እኛ በደጃችን ካሳደርነው በኋላ ሆዱን ሲያመው አይቶ እንዳላዩ መሆን አይገባንም። ከዚህም በቀር ውሻ የዋጠው ነገር የቤቱን አስተዳደር ገልጦ የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

አስቀድሞ የተዋጠው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1895 ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር አገኘ (ዓመታቱን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ)። ይህ በሆነ በ1 ዓመቱ፥ በ1896፥ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዋልተር ካነን የሚባል የሐርቫርድ የሕክምና ተማሪ ከአንድ ጓደኛው ጋራ ሆኖ ለአንድ ውሻ የሉል ቁልፍ አስዋጠና ቁልፉ በጉሮሮው ሲወርድ በዚሁ ጨረር ተመለከተ። ካነን ኋላ ስሙ የታወቀበትን የጨጓራና የአንጀት ምርመራ የጀመረው በዚህ የልብስ ቁልፍ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም የሕያው እንስሳ ምግብ እንዴት እንደሚጓዝ ለማወቅ ሲል ብዙ በግምት ይናገር ነበር። ለዚህ ትልቅ ዕውቀት መንገድ የከፈተው ውሻና ውሻው የዋጠው ባዕድ ነገር መሆናቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

መንገዱም እንዲህ ነው። ከአፍ እስከ ጨጓራ ያለው የምግብ ቧንቧ በደረት ውስጥ ሦስት የጠበቡ ስፍራዎች አሉት፤ ደረት ሲገባ፥ በልብ አጠገብ ሲያልፍ፥ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ስስ ሥጋ ሊያልፍ ሲቃረብ። አጥንት ብዙ ጊዜ የሚቀረቀረው በነዚህ ነው። ያን ጊዜ ውሻው ምራቁን ያዝረበርባል፥ ደጋግሞ ይውጣል፥ አንገቱን ይዘረጋል፥ የበላውንም ሳይፈጭ እንዳለ ይመልሰዋል። ይህን ትውከት ማለት ስሕተት ነው። ትውከት ሆድ እየተጨማደደ፥ ውሻው እየተጨነቀ ከጨጓራ የሚመጣ ሲሆን፥ ይህ ግን ከጉሮሮ ያለ ብዙ ድካም የሚፈስስ ነው። ሁለቱን ለይቶ ለሐኪም የሚነግር ሰው የምርመራውን እኵሌታ ሠርቶ መጣ ማለት ነው።

ጨጓራ ሰፊ ነውና እንግዳ ይቀበላል። ካልሲ ወይም የኮክ ፍሬ በጨጓራ ውስጥ ሳምንታት ሊቀመጥ ይችላል፤ ውሻውም ዛሬ አስታውኮ ነገ ይበላል፥ ከነገ ወዲያ ደግሞ እንደ ደኅና ይዘልላል፤ በዚህም ባለቤቱ ይታለላል። ክፉው ነገር የተዋጠው ከጨጓራ ወጥቶ ቀጭኑን አንጀት በዘጋ ጊዜ ነው። ከተዘጋበት በላይ ያለው አንጀት በፈሳሽና በነፋስ ይነፋል፥ ደም እንደሚገባ አይደርሰውም፥ ይጠቍራል፥ በመጨረሻም ይበሳል። ከተበሳም በኋላ በውስጡ ያለው እድፍ ሁሉ በሆድ ዕቃው ላይ ይፈስሳል። ከዚህ አስቀድሞ ግን ውሻው ምልክት ይሰጣል። ምግብ ይጠላል፤ የጠጣውንም ውኃ ሳይቀር ያስታውካል፤ ዐይነ ምድሩ ይቋረጣል ወይም ጥቂትና ደም የቀላቀለ ይሆናል። አንዳንዱም የፊት እግሮቹን ዘርግቶ በደረቱ ዝቅ ይልና የኋላውን ከፍ አድርጎ እንደ ሰጋጅ ይቆያል። ይህን አቋም ያየ ሰው ውሻው ሊጫወት ፈልጎ ነው ብሎ አይሣቅ፤ ብዙ ጊዜ የሆድ ሕመም ነው።

ውሻ ያስታወከውን መልሶ እንደሚበላ በመጽሐፍም የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሳይልሰው ቶሎ ደርሶ ትውከቱን በእንጨት ገልጦ ማየት ያሻል። የጨርቅ ክር፥ የላስቲክ ቍራጭ፥ የመጫወቻ ስባሪ ከተገኘ በወረቀት ጠቅልሎ ለሐኪሙ መውሰድ ነው። አፍንጫን መያዝ አልተከለከለም።

ስለሚዋጡት ነገሮች ብዙ መዘርዘር አልፈልግም፤ ውሻ የማይውጠውን መቍጠር ይቀልላልና። ነገር ግን በአገራችን ልብ የማይባለው አንዱ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። በክረምት እሸት በቆሎ በየደጁ በከሰል ይጠበሳል፤ ልጆች ፍሬውን በልተው ቆረቆንዳውን ይጥሉታል፥ ውሻውም ለሁለት ሰብሮ ይውጠዋል። ቆረቆንዳ በጨጓራ አይፈጭም፤ ወፍራምና ሸካራ ስለ ሆነ አንጀትን እንደ ውታፍ ይዘጋል፤ በራጅም እንደ አጥንትና እንደ ብረት ጎልቶ አይታይም። የዶሮ አጥንት ደግሞ ከተቀቀለ በኋላ ይደርቅና በሹል በሹሉ ይሰነጠቃል። የዶሮ ወጡን መረቅ በተመለከተ፥ በውስጡ ያለው ሽንኩርት ብቻውን የውሻን ቀይ ደም የሚያፈርስ ነው፤ እርሱ ግን ሌላ ጕዳይ ስለ ሆነ አልፈዋለሁ። ለሰዓትና ለልጆች መጫወቻ የሚሆነው ክብ ትንሽ ባትሪ በጉሮሮ ከተጣበቀ ሥጋውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያቃጥለዋል። ዚንክ የሚባለው ብረት ያለበት ሳንቲም ወይም ብሎንም በጨጓራ ውስጥ እየሟሟ ደሙን ይመርዛል፤ ስለዚህ «ትንሽ ናት፥ ትወጣለች» ብሎ መተው በነዚህ በሁለቱ አይሠራም። ለስላሳና ድቡልቡል የሆነ ትንሽ ነገር ግን፥ ውሻው እየበላና እየተጫወተ ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን በራሱ መንገድ ይወጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን ክር ነው። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መከታ የሚባል ውሻ ነበረን። በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ባለቤቴ ቋንጣ በሲባጎ አድርጋ በጓሮ በረንዳ ሰቅላ ነበር። ማክሰኞ ዕለት የሲባጎው አንዱ ጫፍ ተፈትቶ ወደቀና ውሻው ከነቋንጣው ሲጐትት የወጥ ቤት ሠራተኛችን ደረሰችበት። የተረፈውን አስጣለችው፤ ከአንድ ክንድ የሚበልጥ ሲባጎ ግን ከሁለት ዘለላ ቋንጣ ጋራ ጐድሎ ነበር። ልጅቱም የተረፈውን አጥብቃ አስራ መልሳ ሰቀለችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ረቡዕ ውሻው አስታወከ። እኔም በሚስዮን ትምህርት ቤት በነበርሁበት ጊዜ ስለ ሰው አካል ጥቂት ተምሬ ነበርና ራሴን እንደ ሐኪም ቆጠርሁ። አንድ ወዳጄም «ሆዱ ደርቆ ይሆናል፤ አለስልሰው» ብሎ መከረኝ። የተልባ ውኃ አጠጣሁት፤ ሐሙስ የጉሎ ዘይት ጨመርሁበት። ዐርብ ጠዋት ከኋላው የሲባጎ ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁ። «እነሆ፥ ወጣልህ!» ብዬ ደስ እያለኝ በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብሁት። መከታ ከቡችላነቱ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀውን ጩኸት ጮኸ። እጄ ባፉ አጠገብ ነበረ፤ ነገር ግን አልነከሰኝም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቅዳሜ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ ሆዱን ከፍቶ ያገኘውን ኋላ አስረዳኝ። የሲባጎው አንዱ ጫፍ ከነቋንጣው በጨጓራው መውጫ ላይ ተወትፎ ቀርቷል፤ ሌላው ጫፍ ወደ አንጀቱ ወርዷል። አንጀት በባሕርዩ የገባበትን ነገር ሁሉ ወደ ታች ይገፋል፤ ሲባጎው ግን ከላይ ተይዟልና አልወርድ አለ። ስለዚህ አንጀቱ ራሱ በሲባጎው ላይ ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ ማሰሪያው ሲሳብ እንደሚሸበሸብ የሱሪ ወገብ ሆነ። የተወጠረውም ሲባጎ በየሽብሽቡ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያለ በሦስት ስፍራ በሳው። የጉሎው ዘይት የአንጀቱን ግፊት በማበርታት፥ የእኔም ጣት ሲባጎውን በማጥበቅ መጋዙን ረዱት። ውሻው በዚያው ሌሊት ሞተ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጅቱን በማድ ቤቱ ደጃፍ ተንበርክካ አገኘናት። «ጌታዬ፥ የገደልሁት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት ሲባጎውን ሲውጥ አይቼዋለሁ፤ እንዳይቈጡኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት» አለችኝ። ቍጣ ወደ አፌ ሲመጣ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችና «እርስዋን ዝም ያሰኛት ያለፈው ሳምንት ብርጭቆ ነው» አለችኝ። በእውነትም ከሳምንት በፊት አንድ ብርጭቆ ብትሰብር ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼባት፥ ዋጋውንም ከደመወዝሽ እቈርጣለሁ ብያት ነበር። ሳልቈርጥ ቀርቻለሁ፤ ነገር ግን አለመቍረጤን አልነገርኋትም ነበር።

ብዙ ዓመት በችሎት ተቀምጬ የምስክር ቃል ስጽፍ ኖሬአለሁ። ገና ሳይናገር የተገሠጸ ምስክር ቃሉን እንደሚያሳጥር፥ ያየውንም አላየሁም እንደሚል በየቀኑ በእጄ የጻፍሁት ነገር ነው። በገዛ ቤቴ ግን ይህን ዕውቀት አልተጠቀምሁበትም። ማክሰኞ ማታ ተነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ሲባጎው ምናልባት ገና በጨጓራው ውስጥ ነበር፤ ሐኪሙም ሳይወጠርና ሳይበሳ ሊያወጣው ይችል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ውሻ ግን በሽታውን የሚደብቀውን ያህል ደብቆ ሲያበቃ የቀረውን የምንደብቅለት እኛ ነን።

ስለዚህ ውሻ ባስታወከ ጊዜ ከመድኃኒት በፊት ጥያቄ ይቅደም። ጥያቄውም «ያበላው ማን ነው?» አይሁን፤ «ከቤቱ ምን ጐደለ?» ይሁን። የፊተኛው በደለኛን ይፈልጋል፥ የኋለኛው ዕቃን ይፈልጋል፤ ውሻውን የሚያድነው ደግሞ ዕቃው ነው። የቤቱ እመቤት ብትጠይቅ ይሻላል፤ ጌታው መጠየቅ ግድ ከሆነበት ተቀምጦ ይጠይቅ፥ ቆሞ አይጠይቅ። ልጆችን፥ ወጥ ቤቷን፥ ዘበኛውን ለየብቻ ማነጋገር መልካም ነው። ካልሲዎች ጥንድ ጥንዳቸው መኖራቸው፥ የስፌት መርፌ ከነክሩ በቦታው መሆኑ፥ የልጆች መጫወቻ መጕደል አለመጕደሉ ይታይ። ከዚያም ምን እንደ ጠፋ፥ መጠኑ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ በስንት ሰዓት እንደ ተዋጠ፥ ውሻው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደ በላና መቼ ዐይነ ምድር እንደ ወጣ በወረቀት ይጻፍ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ቃል ይጠፋል፤ ወረቀት ግን አይጠፋም።

እስከዚያ ድረስ ለሚያስታውክ ውሻ በአፉ ምንም አይሰጠው። ተልባም፥ ቅቤም፥ ጉሎም፥ ኮሶም አይሆንም። አንዳንድ ሰው በጨው ውኃ አስታውከዋለሁ ይላል፤ ብዙ ጨው ግን ራሱ ውሻን የሚገድል መርዝ ነው። ማስታወክ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም የተዋጠው ነገር ለስላሳ ሲሆንና ከጨጓራ ሳይወጣ ሐኪም በመርፌ ሲያደርገው ነው። ሹል አጥንትን፥ መርፌን፥ ባትሪን ማስመለስ ግን ወርዶ የጎዳውን ጉሮሮ በመመለሻውም ማስጎዳት ነው። ከአፉ ወይም ከኋላው ብቅ ያለ ክር አይሳብ። ይህን ሁለት ጊዜ ብጽፈው አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ አይሳብ።

የድድን ቀለም መመልከት ከማንኛውም ሰው የሚጠበቅ ነው። የደኅና ውሻ ድድ ሮዝ መልክ አለው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት የነጣው ስፍራ ከ2 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይቀላል። ከዘገየ ወይም ድዱ እንደ ወረቀት ከነጣ ነገሩ ለነገ የሚያድር አይደለም። ደረተ ሰፊ የሆነ ትልቅ ውሻም ምንም ሳይወጣለት እያቅለሸለሸው ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ እንደ ሆነ፥ ጨጓራው ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

አሁን ከውሻው ይልቅ ለሰው የሚያሰጋውን ነገር ልናገር። ውሻ ምራቁን እያዝረበረበ፥ መንጋጋው ወደ ታች ተንጠልጥሎ፥ መዋጥ አቅቶት ሲታይ ደግ ሰው ሁሉ «አጥንት ተቀርቅሮበታል» ይልና እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። የእብድ ውሻ በሽታም ልክ ይህን መልክ ይዞ ይመጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ሁሉ በመንከስና በመሮጥ የሚታወቅ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ነገር ግን ውሻው ጸጥ ብሎ፥ ጉሮሮውና መንጋጋው ሽባ ሆኖ፥ ድምፁ ተለውጦ ጥግ ይዞ የሚተኛበት ዐይነት አለ። ምራቁ በእጅ ላይ ባለ ጭረት ብቻ ቢገባ ይበቃል። በሽታው በአገራችን ዛሬም አልጠፋም፤ በሰው ላይም ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያስመልጥ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ፓስተር በ1885 ያሳየው ክትባት ሰውን የሚያድነው ምልክቱ ሳይታይ አስቀድሞ ሲሰጥ ነው።

እንግዲህ ክትባቱ በየጊዜው መሰጠቱ በወረቀት ያልተረጋገጠ ውሻ አፍ ውስጥ ማንም እጁን አያግባ፤ ጓንትም ቢኖረው፥ ውሻውም ከልጅነቱ ያሳደገው ቢሆን። ውሻው በአንድ ክፍል ይዘጋበት፥ ልጆች ይራቁ፥ ሐኪም ይጠራ፥ ሲጠራም ጥርጣሬው ይነገረው። እጁን ያገባ ወይም የተነከሰ ሰው ቢኖር ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። አጥንት ሆኖ ቢገኝ ከፍርሃት በቀር የጠፋ ነገር የለም።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል ለሚለው በአጭሩ ልመልስ። አስቀድሞ ሆዱን በእጁ ይዳስሳል፥ የምላሱን ሥር ያያል፤ ክር አንዳንድ ጊዜ በዚያ ተጠምጥሞ ይገኛልና። ከዚያም ራጅ ያነሣል። ብረትና አጥንት በራጅ ይታያሉ፤ ጨርቅ፥ እንጨትና ላስቲክ ግን ራሳቸው ብዙ ጊዜ ስለማይታዩ ሐኪሙ የሚያየው የአንጀቱን መነፋትና የነፋሱን አቀማመጥ ነው። ስለዚህ «ራጅ ተነሥቶ ምንም አልታየም» ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም፤ አልትራሳውንድ በሚባለው መሣሪያ የሚጨመር ምርመራ ብዙውን ያሟላል። በጉሮሮ ወይም በጨጓራ ያለውን ነገር መሣሪያው ባለበት ስፍራ መብራት ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ሆድ ሳይከፈት ማውጣት ይቻላል። ያ ካልሆነ ውሻው ይተኛና ይከፈታል። ጨጓራን ከፍቶ መስፋት ከአንጀት ይልቅ ይቀልላል፤ አንጀት ተከፍቶ ሲሰፋ ስፌቱ እንዳያፈስስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ያለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ግን ውሻው በ2ኛው ቀን ጅራቱን ሲያወዛውዝ አይቶ ድኗል ይልና ቅልጥም ይሰጠዋል። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በከፍተኛ ደረጃ በደብረ ዘይት፥ ዛሬ ቢሾፍቱ በምትባለው ከተማ በ1979 ከተጀመረ ወዲህ ይህን ሥራ የሚያውቁ ሐኪሞች ወጥተዋል፤ አብዛኛው ሙያቸው በከብት ላይ ስለ ሆነ ግን የውሻ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ በቅርብ ማን እንዳለ ጭንቀት ሳይመጣ አስቀድሞ ጠይቆ ማወቅ ከቤት አስተዳደር ይቈጠራል።

መከታ ከሞተ በኋላ በቤታችን አንድ ሥርዐት አወጣን። ውሻው የዋጠውን ነገር አይቶ የነገረ ሰው፥ ጥፋቱ የራሱም ቢሆን፥ በዚያ ነገር አይወቀስም፤ የተሰበረና የጠፋ ዕቃም ዋጋ ከማንም ደመወዝ አይቈረጥም። ልጅቱ እስክታምነኝ ድረስ ብዙ ወራት ወስዷል፤ አልፈርድባትም።

ባለፈው ዓመት አዲስ ቡችላ ገባልን። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ካባዬን ሳላወልቅ የሰባት ዓመቱ ልጄ በአንድ እግሩ ካልሲ፥ በአንዱ ባዶውን ሆኖ እየሮጠ መጣና «አባባ፥ ካልሲዬን አሁን ዋጠው፤ እኔ ነኝ እያጫወትሁ የሰጠሁት» አለኝ። ልጅቱም ከማድ ቤት ወጥታ «እኔም አይቻለሁ ጌታዬ፤ ገና ሩብ ሰዓት አይሞላውም» አለች። ቡችላውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወሰድነው። ሐኪሙ አንድ መርፌ ወጋው፤ ጥቂት ቆይቶም ካልሲው እንደ ነበረ ሆኖ በሐኪሙ ጫማ ላይ ወጣ። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ አጥባ በገመድ ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ ጥንዱን ብንፈልግ ጠፋ፤ ሁላችንም ዞር ብለን ቡችላውን ተመለከትነው።